ቃናን ያመጣው አፍጋን፦ ስለ ሳዓድ ሞህሴኒ ለጠየቃችሁኝ መልስ

ባለፈው ስለ ካቡል ቴሌቪዥኖች አንድ ሁለት ነገር ጣል አድርጌ «ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ» ብዬ ነበር። እንዲህ ይጎርፋል ብዬ አልጠበቅኩም። አንዳንዱ ጥያቄ ተደጋግሟልና ጨፍልቄዋለሁ። ስድብ የላካችሁልኝም አላችሁ። እሱን ዘልዬዋለሁ።

ከየት ታውቃለህ ለምትሉ፦ ዱባይ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ዴራ ውስጥ የማድርበት ሕንፃ ሥር የአፍጋኖች ዳቦ ቤት ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለችው ትንሽ ቴሌቪዥን በዱቄት ነጥታ ሁሌም አንድ ጣቢያ ላይ ናት። የሰውዬውን ስም መጀመሪያ የሰማሁት እዚያ ወረፋ ቆሜ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለሱ የተጻፈ ነገር ካገኘሁ አላልፍም። ቀኖቹም ዓመቶቹም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ቃና የአፍጋን ነው የሚባለው እውነት ነው ወይስ የፌስቡክ ወሬ?

መልስ፦ ወሬ አይደለም፤ ግን ሙሉውም አይደለም። ቃና በ2016 ሲጀመር ከኋላው የነበረው ሞቢ ግሩፕ የሚባል ኩባንያ ነው። የሞቢ መሥራችና አለቃ ሳዓድ ሞህሴኒ አፍጋኒስታናዊ ነው። ብቻውን ግን አልመጣም። ኤልያስ ሹልዝ፣ ናዝራዊ ገብረሥላሴና ዘረሰናይ ብርሃነ መሓሪ አብረው ናቸው። ዘረሰናይን «ድፍረት» በተባለው ፊልሙ ታውቁታላችሁ።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። የኛ ሰው ጣሪያው ላይ ዲሽ ሰቅሎ፣ ቋንቋውን ሳይሰማ፣ የዓረብ ጣቢያ ላይ አፍጥጦ ያመሻል። እናቴ ራሷ ኤምቢሲ እያየች ታለቅስ ነበር። «ምን ሆነች?» ስትላት «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ግን በድለዋታል» ትልሃለች። ታዲያ ይህንኑ በአማርኛ ብንሰጣቸውስ ነው ነገሩ። የውጭ ድራማ ገዝቶ በአገር ልጅ ድምፅ መተካት፣ የከንፈሩን እንቅስቃሴ ከቃሉ ጋር ማስማማት፣ በየምሽቱ ማሳየት። ይህ ዘዴ ካቡል ላይ ቀድሞ ተፈትኖ የሠራ ነው።

ጥያቄ፦ የሀብታም ልጅ ነው? ወይስ ከታች ነው የተነሳው?

መልስ፦ የዲፕሎማት ልጅ ነው። በ1966 ለንደን ተወለደ። አባቱ ያሲን ሞህሴኒ የአፍጋኒስታን መንግሥት ዲፕሎማት ነበሩ። በ1978 ኮሚኒስቶቹ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዙ፤ በ1979 መጨረሻ ደግሞ የሶቪየት ጦር ገባ። ያኔ አባትየው ቶኪዮ ኤምባሲ ውስጥ ነበሩ። ሥራቸውን ለቀቁ፣ ቤተሰቡም አልተመለሰም። በ1982 አውስትራሊያ ተቀበለቻቸው፤ ሜልበርን ገቡ።

ይህን ታሪክ እኛ ቤትም ብዙ ሰው ያውቀዋል። በደርግ ጊዜ ከኤምባሲ «አልመለስም» ብለው የቀሩ አባቶች ልጆች ዛሬ ዋሽንግተንም ስቶክሆልምም አሉ። አገሩን በአባቱ ወሬ፣ በእናቱ ምግብ የሚያውቅ ልጅ። ሳዓድ ግን ካቡልን በልጅነቱ በዓይኑ ያየ ነው፤ ያ ልዩነት አለው። አውስትራሊያ አድጎ ኢንቨስትመንት ባንክ ውስጥ ሠራ። ገንዘብ እንዴት እንደሚሰበሰብ የተማረው እዚያ ነው። በ2001 ታሊባን ከሥልጣን ከወረደ በኋላ፣ በ2002 ካቡል ተመለሰ። ወንድሞቹ ዛይድና ጃሂድ፣ እህቱ ዋጅማም በሥራው አብረውት ገቡ።

ጥያቄ፦ ባንከር ነበር ካልክ ለምን ሬዲዮ? ሆቴል አይሠራም ነበር?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ያኔ ከውጭ የተመለሰው ሁሉ ሲሚንቶና ስልክ ላይ ነበር የሚሯሯጠው።

ከ1996 እስከ 2001 ታሊባን ሙዚቃ ከልክሎ ነበር። ቴሌቪዥንም እንዲሁ። የመንግሥቱ ሬዲዮ ስሙ ተቀይሮ «ድምፀ ሸሪዓ» ተባለ። ኬላ ላይ ከመኪና የተያዘ ካሴት ክሩ ተመዝዞ ግንድ ላይ ይንጠለጠላል። ነፋስ ሲመጣ ያ ቡናማ ክር ይርገበገባል፤ የዚያ ዘመን ፎቶዎች ላይ ታዩታላችሁ። እንግዲህ አምስት ዓመት ዘፈን ያልሰማ ከተማ አስቡ። አብዛኛው ሰው ማንበብ አይችልም፣ ስለዚህ ጋዜጣ አያዋጣም። መብራት የለም፣ ስለዚህ ቴሌቪዥንም ገና ነው። ሬዲዮ ግን በባትሪ ድንጋይ ይሠራል።

በ2003 አርማን ኤፍኤም ተከፈተ። አርማን ማለት ምኞት፣ ተስፋ ማለት ነው። የአገሪቱ የመጀመሪያው የግል ኤፍኤም ነው። ያስቆጣው ዘፈኑ ብቻ አልነበረም። ወንድና ሴት አቅራቢ አንድ ማይክሮፎን ላይ ሆነው ይቀላለዳሉ። ሴቷ ትስቃለች። የሴት ሳቅ በሬዲዮ! ሽማግሌዎቹ «ይህ ምን ጉድ ነው» አሉ። የታክሲ ሾፌሩ ግን ሬዲዮኑን ከዚያ ላይ አላነሳም።

ጥያቄ፦ ቶሎ ማለት ምንድን ነው? የኛ «ቶሎ» ነው?

መልስ፦ ሃሃ፣ እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነው የመሰለኝ። ዳቦ ቤቱ ውስጥ «ቶሎ፣ ቶሎ» ሲሉ ወረፋውን የሚያጣድፉ መስሎኝ ነበር። ከአፍጋኒስታን ሁለት ዋና ቋንቋዎች አንዱ በሆነው በዳሪ ንጋት፣ የፀሐይ መውጣት ማለት ነው። ቶሎ ቴሌቪዥን በ2004 ጀመረ። በ2006 ለማር የሚባል፣ በሌላው ቋንቋ በፓሽቶ የሚያሰራጭ ጣቢያ ተጨመረ፤ እሱም ፀሐይ ማለት ነው። ቤተሰቡ ፀሐይ ይወዳል መሰለኝ። የ24 ሰዓቱ ቶሎ ኒውስ የመጣው በ2010 ነው።

ጥያቄ፦ ገንዘቡን የሰጠው አሜሪካ ነው። ስለዚህ የአሜሪካ አፍ ነው። ለምን ታሽሞነሙነዋለህ?

መልስ፦ አላሽሞነሙንም። አርማን ሲከፈት ዩኤስኤይድ 228,000 ዶላር ሰጥቷል። ቤተሰቡም ከኪሱ ጨምሯል። ለቶሎም የአሜሪካ እርዳታ ገብቷል። ከዚያም በኋላ የአሜሪካ ኤምባሲ ለአንዳንድ ፕሮግራሞች ከፍሏል፤ ፖሊሱን ጀግና የሚያደርግ ድራማ፣ በ2011 የጀመረው የልጆች ፕሮግራም «ሰሳሚ ስትሪት» በዳሪና በፓሽቶ። ይህ የተደበቀ አይደለም። የከፈለህ ሰው ምን እንደሚያስደስተው ማንም ሳይነግርህ ታውቀዋለህ፤ ስለዚህ «ምንም ተጽዕኖ የለም» ብሎ የሚከራከር ሰው እኔን አያሳምነኝም።

ግን ጣቢያው በጣም ያስለቀሰው ማንን እንደሆነ እይ። አሜሪካ ራሷ ያቆመችውን የፕሬዚዳንት ካርዛይን መንግሥት ነው። በ2007 የንግግሬን ትርጉም አጣመማችሁ ብሎ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ አብዱል ጀባር ሳቤት ፖሊስ ላከባቸው። ሠራተኛ እየጎተቱ ወሰዱ። በ2008 ደግሞ የማስታወቂያና ባህል ሚኒስቴሩ የሕንድ ድራማዎች ይቁሙ አለ። ያኔ አገሩ ሁሉ «ቱልሲ» የምትባል የቤተሰብ ምራት ላይ ተጣብቆ ነበር። ምራትና አማት፣ ተንኮልና ዕንባ፤ ታውቁታላችሁ። ሌላው ጣቢያ ሲያቆም ቶሎ አላቆመም። የሂንዱ ጣዖት በምስሉ ሲመጣ ያደበዝዙታል። የተራቆተ ትከሻና ሆድም እንደዚያው። ተመልካቹ ግማሹን ምሽት ግራጫ ጉም እያየ አለቀሰ። ቱልሲ ግን ቀጠለች።

ይህችን ጉም ልብ በሉልኝ። ሰውዬው ሙሉ ሕይወቱን የሠራው በዚህ ዘዴ ነው። አይዘጋም፣ ሙሉ በሙሉም አይገላልጥም። ያደበዝዝና ያሳልፋል።

ጥያቄ፦ እንደኛ አይዶል ዓይነት ነገር ነበራቸው ሲባል ሰምቻለሁ። (ከአዳማ)

መልስ፦ «አፍጋን ስታር» ነው። በ2005 ጀመረ። ሕዝቡ በሞባይል መልእክት ድምፅ ይሰጣል። ፓሽቱኑ ለሃዛራው፣ የሄራቱ ለካንዳሃሩ ድምፅ የሰጠበት ጊዜ ነበር፤ በርግጥ ለወገኑ ብቻ ካርድ የሚገዛም ሞልቷል። ከካንዳሃር የመጣችው ለማ ሰሐር ሦስተኛ ወጣች። ከሄራት የመጣችው ሰታራ ደግሞ ስትሰናበት መድረክ ላይ ትንሽ ተወዛወዘች፤ ሻሽዋ ከፀጉሯ ላይ ተንሸራተተ። በቃ። ለዚያች ደቂቃ የግድያ ዛቻ ደረሳት። በ2019 ዛህራ ኤልሃም የመጀመሪያዋ ሴት አሸናፊ ሆነች። ከሁለት ዓመት በኋላ ውድድሩም ዘፈኑም የለም።

ጥያቄ፦ ኳስስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ትወደዋለህ። በ2012 የአፍጋን ፕሪሚየር ሊግ ሲቋቋም ሞቢ ከኳስ ፌዴሬሽኑ ጋር ሆኖ ነው ያቋቋመው። ስምንት ክለብ። ተጫዋቾቹ የተመረጡት በቴሌቪዥን ውድድር ነው፤ ዳኛ ፊት ቆመህ ኳስ እያንጠባጠብክ ቡድን ትገባለህ። ጊዮርጊስና ቡና ተጫዋች በእንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ቢመርጡ ብለህ አስበው። ስታዲየም ውስጥ መቀመጫ አይበቃም።

ጥያቄ፦ ስንት ብር አለው?

መልስ፦ የግል ኩባንያ ነው፣ ሒሳቡን አደባባይ አያሰጣም። ቀጣይ።

ጥያቄ፦ «የአፍጋኑ መርዶክ» ይሉታል። ከመርዶክ ጋር በእርግጥ ይተዋወቃሉ?

መልስ፦ የሚዲያ ከበርቴው ሩፐርት መርዶክ ነው የሚባለው። ከመተዋወቅም አልፈው ሸሪክ ነበሩ። በ2009 የመርዶክ ኩባንያና ሞቢ ፋርሲ ዋን የሚባል ጣቢያ ከፈቱ፤ ከዱባይ ወደ ኢራን ተመልካች የሚረጭ። የኢራን መንግሥት በጣም ተናደደበት። በ2012 ደግሞ የመርዶክ ኒውስ ኮርፕ ሞቢ ውስጥ ድርሻ ገዛ። ሳዓድ በ2011 ታይም መጽሔት በዓለም ተሰሚ ናቸው ካላቸው 100 ሰዎች መሐል ገብቷል። ንጽጽሩ ግን ብዙ አይጥመኝም። መርዶክ ጋዜጣ ስለጻፈ ሠራተኛው በቦምብ አልሞተበትም።

ጥያቄ፦ ቦምብ ስትል? ምን ደረሰባቸው?

መልስ፦ በ2015 ታሊባን ኩንዱዝን ለጥቂት ቀን ይዞ ነበር። ቶሎና አንድ ሌላ ጣቢያ ተዋጊዎቹ ሴቶችን ደፈሩ የሚል ዘገባ አቀረቡ። ታሊባን በመግለጫ «ከእንግዲህ የጦር ዒላማ ናችሁ» አለ። ወሬ ብቻ አልነበረም። ጥር 20 ቀን 2016 ማታ ሠራተኛ ወደየቤቱ የምታደርስ ሚኒባስ ካቡል ላይ በአጥፍቶ ጠፊ ተመታች። ሰባት ሰው ሞተ። የፊት ገጽ ጋዜጠኞች አልነበሩም። ድምፅ የሚተኩ፣ ምስል የሚያቀናብሩ፣ የጀርባ ሠራተኞች ናቸው። ቃና ስቱዲዮ ውስጥ ጆሮ ማዳመጫ አድርገው የሚቀመጡትን ልጆች ዓይነት።

በ2018 ደግሞ ሪፖርተሩ ሳሚም ፋራማርዝና ካሜራማኑ ራሚዝ አሕመዲ ሞቱ። አንድ የትግል ስፖርት ክበብ በቦምብ ተመቶ ለመዘገብ ሄዱ። ሳሚም በቀጥታ ሥርጭት ተናግሮ እንደጨረሰ ሁለተኛው ቦምብ ፈነዳ። በ2020 የቶሎ ታዋቂ አቅራቢ የነበረው ያማ ሲያዋሽ መኪናው ላይ በተጠመደ ቦምብ ተገደለ።

ይህን ስጽፍ የቃና ሥራ በተጀመረበት ዓመት የሚኒባሷ ነገር መድረሱ ይገርመኛል። እኛ አዲስ አበባ «ይህ የቱርክ ፊልም ባህላችንን ገደለ» ስንል፣ እዚያ ቤት እነሱ እውነተኛ ቀብር ላይ ነበሩ።

ጥያቄ፦ ታሊባን ከተመለሰ በኋላ ለምን አልተዘጋም? አንድ ነገር ተዋውለዋል ማለት ነው።

መልስ፦ ሁላችሁም ማለት ይቻላል ይህን ጠይቃችኋል፤ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ነሐሴ 15 ቀን 2021 ካቡል ወደቀች። ፕሬዚዳንቱ ሸሹ። ታጣቂዎቹ ቶሎ ግቢ መጡ። ጠባቂዎቹ የያዙትን የመንግሥት መሣሪያ ቆጥረው ወሰዱ፤ ግቢውን ግን አልነኩትም። የመጀመሪያው ቀን ሴት አቅራቢዎች ወደ ቤት ተላኩ። ነሐሴ 17 ተመለሱ። በሕሽታ አርጋንድ የምትባል ወጣት ስቱዲዮ ውስጥ ከአንድ የታሊባን ባለሥልጣን ፊት ለፊት ተቀምጣ ጠየቀችው። ዓለም ሁሉ ያንን ምስል አየው። እሷ ግን ጥቂት ቀን ቆይታ ከአገር ወጣች። ብዙ ሠራተኛ ወጣ። ጣቢያው በአዲስ ልጆች ሞላ።

ከዚያ ጉሟ ተመለሰች። ዘፈን ወጣ። የቱርክ የፍቅር ድራማ ወጣ፣ በቦታው የኦቶማን ዘመን ታሪክ ገባ፤ ሴቶቹ የተሸፈኑበት። በኅዳር 2021 ሴት የምትተውንበት ድራማ ጭራሽ ተከለከለ። በመጋቢት 2022 የውጭ ድራማ መከልከሉን ዜና ብለው ስላቀረቡ ሦስት የቶሎ ሠራተኞች ታሰሩ፤ ከነሱ አንዱ አቅራቢው ባህራም አማን ነው። በግንቦት ደግሞ ሴት አቅራቢ ፊቷን ትሸፍን ተባለ። ወንዶቹ ባልደረቦቿ ያን ሰሞን እነሱም ጥቁር ማስክ አጥልቀው ዜና አነበቡ። ፊቱ የማይታይ ወንድ ስለ አየር ሁኔታ ሲያወራ! ዳቦ ቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ፣ ሌላው ተቆጣው።

ለምን አልተዘጋም? አንደኛ፣ ታሊባንም ቴሌቪዥን ያስፈልገዋል። የ1996ቱ ታሊባን ቴሌቪዥን ይሰብር ነበር፤ የዛሬው ቃል አቀባይ ስቱዲዮ መቀመጥ ይወዳል። ሁለተኛ፣ ሳዓድ ሲነጋገር ኖሯል። ከካርዛይ ሰዎች ጋር የተደራደረበትን ዘዴ ከነዚህም ጋር ይዞት ገባ። የተባለውን ያደርጋል፣ ያልተባለውን ደግሞ እስኪባል ድረስ ይሠራል። ሦስተኛ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ዱባይ ነው። ሰውዬውን ለማሰር ካቡል ውስጥ አታገኘውም። ይህ ሦስተኛው ነው አሁን የሚያስወቅሰው። ዋጋውን የሚከፍለው ማነው? ባህራም ሲታሰር አለቃው በርቀት ስልክ ላይ ነበር። ይህን የሚሉ አፍጋኖች አሉ፣ ዝም በሉ ማለት አልችልም።

በሌላ በኩል አንድ ነገር አለ። ከስድስተኛ ክፍል በላይ ያሉ ልጃገረዶች ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸዋል። መጋቢት 2022 ይከፈታል ተብሎ፣ ልጆቹ ዩኒፎርም ለብሰው በር ላይ ደርሰው ተመለሱ። ቶሎ ያንን ትምህርት በቴሌቪዥን ማስተማር ጀመረ። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ። ጣቢያው ቢዘጋ ይህም አይኖርም። እኔ ወደዚህ ወገን አደላለሁ። ግን ልጄ እዚያ ስቱዲዮ ብትሠራ ምን እንደምል አላውቅም።

ጥያቄ፦ ሎቢስት ነው ሲሉት ሰማሁ። ለማን ነው ሎቢ የሚያደርገው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እናንተ ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ቃሉን በጥንቃቄ ነው የምትጠቀሙበት፣ ልክ ናችሁ። በአሜሪካ ሎቢስት ማለት ተመዝግቦ፣ ተከፍሎት፣ የምክር ቤት ደጅ የሚጠና ነው። ሳዓድን እኔ ጎትጓች ነው የምለው። ከ2021 በፊት ጉትጎታው «አትውጡ፣ ጥላችሁን አትሂዱ» ነበር። ከ2021 በኋላ «ጀርባችሁን አታዙሩ፣ አነጋግሯቸው» ሆነ። ግጭቶችን የሚያጠናው ክራይሲስ ግሩፕ የሚባል ድርጅት የቦርድ አባል ነው፣ የምዕራብ ጋዜጦች ላይ ይጽፋል፣ ስብሰባ ላይ ይጋበዛል። የሚለው አጭር ነው፦ አገሩን ብታገሉት ታሊባን አይራብም፣ የሚራበው ሕዝቡ ነው።

የሚቃወሙትም አጭር ነው የሚሉት። «ንግድህን ለማዳን ነው» ይሉታል። በተለይ ከአገር የወጡ የሴቶች መብት ተሟጋቾች፤ ለነሱ ከታሊባን ጋር ጠረጴዛ መቀመጥ ማለት የነሱን ወንበር ለሌላ መስጠት ነው። ሁለቱም ወገን ስደተኛ ነው፣ ሁለቱም አገሩን ይወዳል፣ አንድ ሰርግ ላይ ግን አብረው አይቀመጡም። ለኛ ሰው ይህን ማብራራት ያስፈልጋል? ሲልቨር ስፕሪንግ እያላችሁ?

ጥያቄ፦ እኔ ራሴ ከአገር የወጣሁ ጋዜጠኛ ነኝ። ውጭ ሆኖ ሚዲያ መሥራት ነው የሚሻለው ወይስ እንደሱ ውስጥ ሆኖ ማጎንበስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለዚህ የኔ አስተያየት ካንተ ኑሮ አይበልጥም። ግን አፍጋኖቹ ሁለቱንም ስለሞከሩት ማየት ይቻላል። የቶሎ ኒውስ ኃላፊ የነበረው ሎትፉላህ ናጃፊዛዳ ወጥቶ በ2022 አሙ ቲቪን ከፈተ፣ ከአሜሪካ የሚሠራ። ለንደን ላይ አፍጋኒስታን ኢንተርናሽናል አለ። እነዚህ የታሊባንን መሪ ስም ጠርተው የፈለጉትን ይላሉ። የካቡል መንገድ ላይ ግን ካሜራ ማቆም አይችሉም። የሚነግራቸው ሰው ስሙን ደብቆ፣ ስልኩን አጥፍቶ ነው። ቶሎ ካሜራውን ጎዳናው ላይ ያቆማል፣ ያየውን ሁሉ ግን አይናገርም። ከ2024 ወዲህ ደግሞ ሕያው ነገር በምስል አይታይ የሚል ሕግ ወጥቷል። አንዳንድ አውራጃ ውስጥ ሥራ ላይ እየዋለ ነው። ያ ካቡል ከገባ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር ሬዲዮ ሆኖ ይቀራል።

የካቡል ተመልካች ሁለቱንም ያያል። ማታ ቶሎን ይሰማና «እስቲ እነዚያ ደግሞ ምን ይላሉ» ብሎ ወደ ውጪው ይቀይራል። እኛም ቤት ከኢቲቪ ዜና በኋላ አባቴ የአጭር ሞገድ ሬዲዮውን ወደ ጆሮው ያስጠጋ የነበረው ለዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ እሺ ግን ቃና ባህላችንን አላበላሸም? የኔ ልጆች በቱርክ ድራማ ነው ያደጉት። (እናት ነኝ)

መልስ፦ እትዬ፣ የእርስዎ ቅሬታ ካቡል ውስጥም ቃል በቃል ተብሏል። እዚያ «የሕንድ አማት ቤታችን ገባች» ነበር የሚሉት። በ2016 የኛ የፊልምና የቴአትር ባለሙያዎች ሲጮሁ ግማሹ ስለ ባህል፣ ግማሹ ስለ እንጀራ ነበር፤ ሁለቱም አሳማኝ ነው። ተሠርቶ ያለቀ ድራማ ገዝቶ ድምፅ መተካት አዲስ ከመሥራት ይረክሳል። ተዋናዩ ሥራ ሲያጣ አይቆጣ ማለት አይቻልም። በሌላ በኩል ዛሬ በየማስታወቂያው የምንሰማቸው ጥሩ ጥሩ ድምፆች ስንቶቹ እዚያ ስቱዲዮ ውስጥ ተሞረዱ? ልጆችዎ አማርኛቸው እንዴት ነው? የጎረቤቴ ልጅ ስትቆጣ እንደ ቱርክ እመቤት «ይህን ፈጽሞ አልረሳውም!» ብላ በር ትዘጋለች። አማርኛው ግን እንከን የለውም።

ጥያቄ፦ ዳሪና ፋርሲ አንድ ናቸው?

መልስ፦ ይግባባሉ። የኢራኑና የአፍጋኑ አነጋገር ይለያል፣ ጽሑፉ አንድ ነው። ለአፍጋን «ፋርሲ ነው የምትናገረው» ካልከው አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይኮሳተራል። እኔ ተኮሳትሮብኛል።

ጥያቄ፦ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሰዎችስ ስለሱ ምን ይሉ ነበር?

መልስ፦ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሊጥ የሚዘረጋ፣ አንዱ ታንዱር ከሚባለው የሸክላ ምድጃ ዳቦ የሚያወጣ። ሊጥ የሚዘረጋው ሳዓድን አይወደውም። «ዱባይ ረጅም ፎቅ ላይ ተቀምጦ ለኛ ትዕግሥት ይሰብካል» ይላል። ታንዱር ላይ ያለው ዝም ነው የሚለው። ሄራት ውስጥ ሚስቱና ልጁ አሉ። ልጅቷ ዘጠነኛ ክፍል መግባት ነበረባት።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ዳቦ ልገዛ ገባሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ ነጭ ሰሌዳ፣ ክፍልፋይ ቁጥር፣ አንድ አስተማሪ። ሰውየው በአንድ እጁ ረጅሙን የብረት መንጠቆ ይዟል፣ በሌላው ስልክ። ስልኩ ውስጥ የልጅ ድምፅ ይሰማል። ያው አስተማሪ በስልኩም ይሰማል፣ ግን ትንሽ ዘግይቶ፤ አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ትሰማዋለህ። ልጅቷ ከሄራት አንድ ነገር ጠየቀችው። እሱ መንጠቆውን አስቀምጦ ቴሌቪዥኑን አፍጥጦ አየ፣ መልሱን ግን አላገኘውም። ወደ ሊጥ ዘርጊው ዞረ። ያ ሳዓድን የማይወደው ሰውዬ እጁን ሽርጡ ላይ ጠርጎ፣ ዱቄቱ ላይ በጣቱ ቁጥሩን እየጻፈ ማካፈል ጀመረ። ወረፋው ቆመ። ታንዱሩ ውስጥ ያለው ዳቦ መጥቆር ሲጀምር ነው ሁላችንም የጮህነው።